የሞተችው እናቴ የላከችልኝ ቆሎ

ዛሬ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሰው ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም፤ ሊጣላ የመጣ እንኳ ፀሐይ እስክትወጣ ይታገሣል። ክራንቼን ተደግፌ ከፈትሁ። የእድራችን ዳኛ አቶ ሞላ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ነጠላቸውን ተከናንበው በረንዳዬ ላይ ቆመዋል።

«ጌጡ አረፈ» አሉኝ።

አቶ ጌጡ ከእኔ ግቢ አጥር የሚለየው ጎረቤቴ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል ከገባም ሰንብቷል። ሌሊቱን ታላቅ ልጁ ዳንኤል አጠገቡ ነበር። አዘዞ ላለችው ባለትዳር ልጁ መርዶ የሚነግሩ ሽማግሌዎች በባጃጅ ተልከዋል። የቀረችው ትንሿ ልጁ ሕይወት ናት። ሕይወት ከተወለደች ጀምሮ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሯ ይጎተታል፣ የምትሄደውም በዊልቸር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ይኸን የመጨረሻውን ነገር ግን ሰፈሩ ቶሎ ይረሳዋል።

«ለእሷ አይነገራትም» አለ አቶ ሞላ። «ያ የጭንቀት መድኃኒት የሚሰጣት ሐኪምም ድንጋጤ አይስማማትም ብሏል። ማክሰኝት አክስቷ ዘንድ እንልካታለን፤ ቀብሩና ሰልስቱ እስኪያልፍ። መኪና እስኪመጣ አንቺ ሄደሽ አጫውቻት። ‹አባትሽ ተሽሎታል› በያት። አንቺ ታውቂባታለሽ፣ እንደሷ ነሽ።»

ከዚያም አንዱ ጎረቤት በፌስታል የተቋጠረ ትኩስ ዳቦ ዘረጋልኝ። አባቷ የላከላት ነው ብዬ እንድሰጣት።

እኔ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ብዙ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት ለምጃለሁ። ያን ዳቦ ግን አልተቀበልሁም። «ቆዩ፣ ጫማዬን ላጥልቅ» ብዬ ወደ ውስጥ ተመለስሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የግራ እግሬን ጫማ ስፈታና ስቋጥር ያ የወጣትነቴ ዘመን፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውሁት ነገር፣ አንድ በአንድ መጣብኝ።

የተወለድሁት ከዳባት በእግር ፈንጠር ያለ ቀበሌ ነው። ብርዱ የሚያንዘረዝር፣ ገብሱና ባቄላው የሚያጠግብ አገር። ግራ እግሬን የልጅነት ልምሻ ገና ድክድክ ስል ወሰደብኝ። እናቴን እናኑ ነበር የምንላት። እናኑ ቁጡ ነበረች፤ እኔም የወጣሁት በእሷ ነው። ልጅ ሳለሁ በአህያ ጭና ዳባት ገበያ ወስዳኝ፣ እንቁላላችንን ዘርግተን ተቀምጠን፣ አንዲት መንገደኛ ሴት ከንፈሯን መጥጣ ጭኔ ላይ ቁራሽ ዳቦ ጣለችልኝ። እናኑ ተነሥታ ዳቦውን ሴትዮዋ እጅ ላይ መለሰችላት። «ልጄ ልትሸጥ ነው የመጣች፤ እንቁላል ትገዣለሽ ወይስ መንገድ ትለቂያለሽ?» አለቻት። ሴትዮዋ እንቁላል ገዝታ ሄደች። እናኑ እስክንገባ ድረስ በሣቅ ፈረሰች።

ትምህርቴን ጨርሼ ጎንደር አራዳ ውስጥ አንድ ማመልከቻ የሚጻፍበት ታይፕ ቤት ተቀጠርሁ። ሰው ሁሉ ክሱን፣ አቤቱታውን፣ ፍቺውን ይነግረኛል፤ እኔ እመታለሁ። ጣቶቼ ፈጣን ነበሩ። ቀበሌ አምስት፣ እትዬ ዘነቡ የሚሏት አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ለእናኑ በየወሩ ስኳርና ሳሙና በአውቶቡስ እልካለሁ። እናኑ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ አያ ዋሴ ወደ ከተማ ሲወርድ የገብስ ቆሎ ትልክልኛለች። ስልክ እንደ ዛሬ በየኪሱ አልነበረም፤ ፍቅራችን ሁሉ በቆሎና በስኳር ነበር የሚመላለስ።

የዚያ ዓመት መስቀል አያ ዋሴ መጣ። ቆሎውን በነጭ ጨርቅ ቋጥሮ አምጥቷል። ሽሮ ሠርቼ አበላሁት።

«እናኑ እንዴት ናት?» አልሁት።

«ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች። ቆሎውንም እሷ ናት የቆላችው» አለኝ፤ ዐይኑን ከትሪው ሳያነሣ።

ቆሎው ትንሽ አርሯል። እናኑ አሳርራ አታውቅም ነበር። ዐይኗ ደክሟል መሰለኝ ብዬ አዘንሁላትና እያፈስሁ በላሁት። ታይፕ ቤት ይዤ ሄጄ ባልደረቦቼንም አበላሁ፤ «እናቴ የላከችልኝ ነው» እያልሁ።

ኅዳር ላይ ነው መሰለኝ፣ ከቀበሌያችን አንድ ሽማግሌ፣ አያ ተገኘ፣ የመሬት አቤቱታ ሊያስጽፉ መጡ። አወቅኋቸው፤ ደስ አለኝ። ወንበር ሰጥቼ ነገራቸውን እየሰማሁ ስመታ፣ አረፍ አሉና፦

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉ።

«በምን?» አልሁ።

«በናትሽ ነዋ። ነሐሴን ሳትጨርስ ተቀጨች። ተዝካሯን እንኳ ሸጋ አድርገው አወጡላት። ምነው አንች ቀረሽ? አገሩ ሁሉ ተቀየመሽ እኮ።»

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ይጮኻል ይባላል። እኔ አልጮኽሁም። ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው መታሁላቸው፤ «ከማክበር ሰላምታ ጋር» ብዬ ዘጋሁት። አያ ተገኘ ምን እንዳደረጉ አልገባቸውም፤ መርቀውኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ ወረቀት ቀይሬ ሌላ ለመጀመር ስሞክር ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ ጠፋኝ።

በማግስቱ በማለዳው አውቶቡስ ዳባት ወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ሜዳው ላይ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ የባቄላ እሸት የሚሸጡ ልጆች አውቶቡሱን ከበቡት። እናኑ ብትኖር ይኸን ጊዜ እሸት እየጠበሰች ነበር አልሁ። መንገዱ ሁሉ «ሐሰት ይሆን እንዴ? የሰው ስም ተምታቶባቸው ይሆን?» ስል ነው የደረስሁት። ከዳባት በበቅሎ ወደ ቤታችን ገባሁ። የእናኑ አልጋ ተነቅሏል፤ በቦታው የገብስ ጆንያ ተደርድሯል።

አያ ዋሴ ሲያየኝ ቆመ። ጥቁር ለብሷል። እኔ ዘንድ በመስቀል ሲመጣ ያን ልብስ ለውጦት ነበር ማለት ነው፤ ለውጦ፣ አዘጋጅቶ፣ አስቦበት።

«ቆሎውን ማን ቆላው?» ነበር ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል።

«ሚስቴ» አለ።

እንግዲህ እናቴ ከተቀበረች በኋላ የእናቴ ነው ተብሎ በላሁ። እግዜር ያሳያችሁ። ሰላምታዋን ከመቃብር ወዲህ ተቀብዬ «እሷንም ሰላም በልልኝ» ብዬ መልሻለሁ። እስኪ ይኸን ምን ይሉታል?

«ላንቺ ብለን ነው» አለ አያ ዋሴ። «ትሰበሪያለሽ ብለን ነው። ጭቃ ነበር፣ ዳገት ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ማን ተሸክሞሽ?»

«ለቅሶ በእግር ነው እንዴ የሚለቀስ?»

«ኧረ ተይ ስንዱ፣ አትቆጪ። አንቺ አትችይውም ተባለ።»

«ለብርቄስ?» ብርቄ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ያን ጊዜ መተማ ነበረች። «ለብርቄ ነገራችኋት?»

«ለብርቄማ ሽማግሌ ልከን፣ ሌሊት ደርሰው፣ ጎሕ ሲቀድ ነገሯት። ለቀብሩ ባትደርስ ለሰልስቱ ደርሳለች። ብርቄማ ደህና ሰው ናት» አለኝ።

መተማ ያኔ የሙሉ ቀን መንገድ ነው፤ ያውም በክረምት። እኔ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነበርሁ። የሞተች እናት ልጅ መርዶ የሚነገራት ደህና ሰው ስትሆን ነው ለካ! መርዶ ክፉ ነገር ነው ይላል ሰው። እኔ ግን በዚያ ቀን የገባኝ፣ መርዶ ክብር ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ደጅ ይቆማል፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው ይመረጣል፤ «ሐዘኑ ያንቺ ነው፣ አንቺም ለሐዘኑ ትበቂያለሽ» ማለት ነው። ለእኔ ይኸ ተነፈገኝ። አገሩም «ስንዱ ለናቷ ቀብር እንኳ አልመጣችም» ብሎ ተቀየመኝ፤ ያልነገሩኝ ሰዎችም ሲሰሙ ዝም አሉ።

ጎንደር ተመለስሁ። እንቅልፍ ጠፋ። እንባም እንቢ አለኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ አንጀት ግን ደርቆ ነበር። እህል ስቀምስ ያረረ ገብስ ይሸተኛል። ታይፕ ላይ ስሕተቴ በዛ። እትዬ ዘነቡ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ተጨንቃ መጀመሪያ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ ደግ ነው፤ ሰው ነው ክፉ። የሚያጠምቀው ጎረምሳ ገና ሲያየኝ ውኃውን እግሬ ላይ እየደጋገመ ያወርደው ጀመር። «እግሬን አይደለም የታመምሁ!» እላለሁ፤ «እመኝ፣ ትሄጃለሽ!» ይለኛል። ለእንቅልፍ ሄጄ ለእግር ተጠምቄ በጥር ብርድ እየተንቀጠቀጥሁ ተመለስሁ።

ከዚያ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ አንድ ክሊኒክ አለ ተባለ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የለምም። ተማሩ የተባሉት እንኳ ያውቁኛል ብዬ ታጥቤ፣ ቅባት ተቀብቼ፣ እትዬ ዘነቡን አስከትዬ ሄድሁ። ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ። ገና እንደ ገባሁ ክራንቼን ከእጄ ተቀበለና «ይረፍልሽ» ብሎ ወዲያ ጥግ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ደግነት መሆኑ ነው። ክራንቼ ከእጄ ሲርቅ እኔ ከወንበሩ ጋር የታሰርሁ ነኝ፤ ይኸን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። ከዚያም ፊቱን ወደ እትዬ ዘነቡ አዙሮ፦

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማትተኛው?» አላት።

«እኔ እዚህ ነኝ» አልሁት።

ፈገግ አለ። እኔን መጠየቅ ጀመረ። ስለ እግሬ። መቼ እንደ ሰለለ፣ ልጆች ይሥቁብኝ እንደሆነ፣ የሚያገባኝ አጣለሁ ብዬ አስብ እንደሆነ።

«እናቴ ሞታ አልነገሩኝም» አልሁት።

ከንፈሩን መጠጠ። ከንፈር ለማስመጠጥማ ክሊኒክ ምን አስኬደኝ? መንገዱ ሁሉ ይመጥልኝ የለም እንዴ!

«ገብቶኛል» አለ። «እናትሽ ስትሞት ‹ከእንግዲህ ማን ይጦረኛል› የሚል ስጋት አድሮብሻል።»

«እኔ ነኝ እናቴን የምጦር የነበርሁ!»

«አየሽ፣ ትቆጫለሽ። ያልተቀበልሽው ነገር አለ። የአካልሽን ሁኔታ ስትቀበይ እንቅልፍሽ ይመለሳል። ቤተሰቦችሽም እንኳን አልነገሩሽ። እንዲህ ያለ ዜና ላንቺ ዐይነቱ ሰው ከባድ ነው።»

ላንቺ ዐይነቱ ሰው። አያ ዋሴ «ደህና ሰው» ያለው መሐይም ስለሆነ ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ይኸኛው ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ በወግ በማዕርግ ተምሮ፣ ያንኑ ቃል ነው የደገመልኝ።

እንክብል ሰጠኝ። እንክብሉን አልጠላም፤ የረዳቸው ሰዎች አውቃለሁ። እኔን ግን ቀን ታይፑ ላይ ያንጋልለኝ ጀመር። እየተመላለስሁ ነገርሁት። በሄድሁ ቁጥር ያችው እግር! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ስለ እናኑ ሣቅ ልነግረው ስጀምር ስለ እግሬ ይጠይቀኛል፤ ስለ ቆሎው ስነግረው ስለ እግሬ ይመክረኛል። የባሰባቸውን እያሰብሁ ፈጣሪዬን እንዳመሰግን ነገረኝ። በመጨረሻው ቀን ደሜ ፈላ።

«ክራንቼን አቀብለኝ» አልሁት።

«ገና አልጨረስንም።»

«እኔ ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ከእግሬ ጋር አልተጣላሁም፤ አብረን ነው ያደግን። የተጣላሁት ከወንድሜ ጋር ነው። አሁን ደግሞ ካንተ ጋር። ክራንቼን!»

«ይኸ ቁጣ ራሱ ምልክት ነው» አለ ለእትዬ ዘነቡ። እሷ እንኳ፣ ለነጭ ጋዋን የምትሰግደዋ እትዬ ዘነቡ፣ ተነሥታ ክራንቼን አምጥታ ሰጠችኝ። ደጅ ስንወጣ «ሰውዬው አይሰማም እንዴ?» አለችኝ። አይ እትዬ ዘነቡ!

በየወሩ የምንሰበሰብ አንዲት ትንሽ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ነበረችን። በዚያ ሰሞን ስብሰባው ላይ ፊቴ ጠቁሮ ሳለ ድምፄን ሰምቶ ማዘኔን ያወቀብኝ መምህር ካሱ ነው። ዐይነ ሥውር ነው፤ ታሪክ ያስተምራል፣ ነገረኛና ተጫዋች። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ሣቀ።

«እዚያው ሰውዬ ዘንድ ሄጃለሁ» አለ። «‹ዐይንህን ተቀበል› ሲለኝ ከረመ። እኔ እኮ የሄድሁት ሚስቴ ጥላኝ ወጥታ ነው! ዐይኔንማ ከተቀበልሁ ስንት ዘመኔ፤ ሚስቴን ነው ያልተቀበልሁ።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ የሣቅሁት ያን ቀን ነው። እሱ ነው ወደ ሲስተር መቅደስ የመራኝ። የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ናት፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅበራችን በተከራየው፣ አራዳ ፎቅ ላይ ባለ ክፍል እየመጣች ታነጋግረናለች። ካሱ «እሷ ሰው ትሰማለች» አለኝ። ሰው መስማት እንደ ብርቅ ሙያ ሲነገር ያሳዝናል፤ ግን ብርቅ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ ከታች ካለው ሱቅ የሽምብራ አሹቅ እየሸተተ፣ ደረጃውን ወጣሁ። ከክፍሉ ሥር ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ የስፌት መኪናቸው ወለሉን ያንዘረዝረዋል። ሲስተር መቅደስ ቀጭን፣ ፀጉሯን የተጎነጎነች፣ ከእኔ እምብዛም የማትበልጥ ሴት ናት። እጇን ወደ ክራንቼ አልዘረጋችም።

«የት ቢሆንልሽ ይመችሻል?» አለች።

«እዚሁ፣ ጉልበቴ ላይ።»

«ደግ። እናትሽ ምን ዐይነት ሴት ነበሩ?»

እንግዲህ ይኸው ነው። ተአምር አልሠራችም፣ መድኃኒት አልቀመመችም። እናትሽ ምን ዐይነት ሴት ነበሩ አለችኝ። ስለ ገበያው ዳቦ ነገርኋት። ስለ አህያው፣ ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ስኳሩ። እግሬ በወሬው መሐል ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሄዳል፤ እሷ አታባርረውም፣ አትጎትተውም። እየተመላለስሁ ሳለ አንድ ቀን፣ እንቅልፍ የሚመልስልሽ ምን ይመስልሻል አለችኝ።

«መርዶ» አልሁ። እኔም ከአፌ ሲወጣ ደነገጥሁ። «መርዶዬን ይንገሩኝ። እንደ ብርቄ። ሽማግሌ ሰብስበው፣ በማለዳ፣ ‹እናትሽ አርፋለች› ይበሉኝ።»

አልሣቀችም። «እብድ ነሽ» ያላለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። «እንጠይቃቸው» አለች።

ለአያ ዋሴ በሰው ላክንበት፤ መጣ። ዱላውን ይዞ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲስተር መቅደስ በትሕትና አስረዳችው። «አያ ዋሴ፣ ስንዱ ሐዘኗን እንደ ማንም ልጅ መቀበል ነው የምትፈልገው። ዘመድ ሰብስበው ይንገሯት።»

ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ከዚያም፦ «የታወቀ ሞት መርዶ የለውም» አለ። «ሸጋ ልጅ ናት፣ እወዳታለሁ። ግን ሽማግሌ ሰብስቤ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሞት ልንገር ብል አገር ይሥቅብኛል።»

«እኔን አገር ሲቀየመኝስ?» አልሁት። «‹ለእናቷ ያልመጣች› ስባልስ? አልነገርናትም ብለህ አንድ ቀን አፍህን ከፍተሃል?»

«ይቅር፣ አለፈ» አለ። «አንቺ ምን አጣሽ? ተምረሻል፣ ደመወዝ አለሽ። ዝም ብሎ መኖር ነው።» ተነሣ፤ ደረጃውን ወረደ። የዱላው ድምፅ ከስፌት መኪናው ድምፅ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ሰማሁት። የእኔ ሐዘን ለእሱ ሣቅ ያህል አልከበደም።

ሲስተር መቅደስ ወንበሯን አቀረበች። «እኔ ዘመድሽ አይደለሁም፤ መርዶ ልነግርሽ አልችልም» አለች። «ግን እናትሽ ሞተዋል። አንቺም ልጃቸው ነሽ። እዚህ ማንም አይከለክልሽም።»

ያኔ አለቀስሁ። ለቅሶ ልበለው ጩኸት አላውቅም። «እናኑ! እናኑ!» እያልሁ፣ ክራንቼን ወለሉ ላይ እየመታሁ፣ ከኅዳር ጀምሮ የታቆረው ሁሉ ወጣ። እሷ ዝም በይ አላለችኝም፤ ውኃ ጠጪም አላለችኝም። አጠገቤ ተቀመጠች፣ በቃ። ታች የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ሲመሽ ደረጃውን ስወርድ ልብስ ሰፊዎቹ ተነሥተው ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አንደኛው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኅቴ» አለኝ። ማን እንደ ሞተብኝ አያውቁም ነበር።

ያን ሌሊት ተኛሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ሸጋ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ሲስተር መቅደስ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች፤ ቅዳሜውም ቀረ። በምትኳ የመጣ አልነበረም። ያ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሐኪም ግን እያደገ፣ ክፍሉን እያሰፋ፣ ለስንቱ እግሩን፣ ዐይኑን፣ ጆሮውን «ተቀበል» ሲል ኖረ። ካሱም ጡረታ እስኪወጣ በየስብሰባው ሲያወራው ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን አይሥቅም ነበር። አያ ዋሴ ዛሬም አለ፤ አርጅቷል። በየፋሲካው ይጠይቀኛል፣ እቀበለዋለሁ፣ እግሩን አጥባለሁ። ቆሎ ይዞ ይመጣል። ከእጁ ቆሎ በልቼ ግን አላውቅም፤ እሱም ምነው ብሎኝ አያውቅም።

ጫማዬን ቋጥሬ ጨረስሁ። አቶ ሞላ ከበረንዳው «ስንዱ፣ ልትነቃ ነው፣ ቶሎ በይ» ይላል። ወጣሁ። ያ ጎረቤት ዳቦውን እንደገና ዘረጋልኝ።

«ዳቦውን ለለቅሶ ቤት ያዙት» አልሁ። «እኔ ለሕይወት መርዶ ልነግር ነው የምሄድ። እናንተም ተከተሉኝ፤ መርዶ ብቻውን አይነገርም።»

«ምን ሆነሻል? ሐኪሙ እኮ…»

«የሞተው የሐኪሙ አባት ነው ወይስ የእሷ? ሞላ፣ አንተ እናትህ የሞተች ለታ ማክሰኝት ልከውሃል? ስለ እግርህ ጠይቀውሃል?»

ሦስቱም ተያዩ። አንዱ «ብትወድቅስ?» አለ በዝግታ።

«ብትወድቅ ትይዟታላችሁ። ለዚህ አይደለም ወይ ሽማግሌ የሚሰበሰብ?»

በክራንቼ እየተራመድሁ አጥሩን ዞርሁ። ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ተከተለኝ። የፒያሳ ባጃጆች ገና መንቃታቸው ነው፤ የቅዳሴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። የሕይወት በር ክፍት ነበር። አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ ነቅታ ቆይታለች። ዊልቸሯን ማን እንደሆነ እንጃ ወዲያ መስኮቱ ሥር ገፍቶታል። መጀመሪያ እሱን ጎትቼ ከአልጋዋ አጠገብ፣ ከእጇ አቆምሁላት። ከዚያ ተቀመጥሁ። አቶ ሞላና ሁለቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ከበሩ ቆሙ።

ሦስት ሽማግሌ በማለዳ ከበሯ ሲቆም ያየች ልጅ ምን ይጠፋታል? ወደ እኔ ዞረች። ቃሉን እየጎተተች፣ ግን ጥርት አድርጋ፣

«እትዬ ስንዱ… አባዬ… እንዴት አደረ?» አለችኝ።

ይኸን ጥያቄ አውቀዋለሁ። መልሱንም አውቀዋለሁ፤ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ በልቼዋለሁ።

እጇን ያዝሁ። «ሕይወት፣ ልጄ፣ አባትሽ ሌሊት አርፏል» አልኋት።

ጮኸች። አቶ ሞላ ሮጦ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ፤ እሱም እያለቀሰ። ብዙ አለቀስን። ትንሽ ጋብ ሲልላት ዐይኗን ወደ እኔ መለሰችና «ቀ… ብሩስ?» አለች፤ ፍርሃቷን አየሁት፤ እኔን ያመለጠኝ ቀብር እሷንም አምልጧት እንዳይሆን ነው የምትፈራው።

«ገና አልተቀበረም» አልኋት። «ትደርሻለሽ።»